ጳጉሜ የሌለበት ፕሮግራም

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤዛ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ከተከመረው የጨርቅ ናሙና መካከል ቦታ አበጅታ አስቀመጠችው። ቤዛ የድርጅታችን የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ድርጅታችን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አየር ጤና ከጋራዦቹ ጀርባ፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ የምንሠራበት አንድ አዳራሽና ሁለት ክፍል ነው። ቋሚ ሠራተኞቻችን ስድስት ናቸው። የቀሩት በየቤታቸው የሚሰፉልን፣ የሚጠልፉልን፣ በየደንበኛው ቤት እየዞሩ መጋረጃ የሚሰቅሉልን ናቸው፤ የማንም ቅጥረኛ አይደሉም፣ የሠሩትን ያህል ይከፈላቸዋል። ቤዛ “ኮንትራክተሮች” ትላቸዋለች። እኔ በስማቸው ነው የምጠራቸው።

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምትለው ግማሹ አይሰማኝም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች መክፈያ የሚሆኑ ሦስት ፕሮግራሞች አግኝታለች። አንዱ በሰው ቁጥር እየቆጠረ በየወሩ ያስከፍላል። ሁለተኛው ክፍያውን በቀጥታ ወደ ስልካቸው ይልካል። ሦስተኛው ለገቢዎች የሚቀርበውን ወረቀት ራሱ አዘጋጅቶ ያትማል። እያንዳንዱን በየተራ እየከፈተች አሳየችኝ። ቀለማቸው ያምራል፣ ሲነኳቸው ቶሎ ይታዘዛሉ።

“እና እትዬ ትዕጊ፣ የቱን እንግዛ?” አለችኝ።

“ሰኞ እነግርሻለሁ።”

ፊቷን አየሁት። ኮምፒውተር የምትፈራ አሮጊት መስያታለሁ። አልፈረድኩባትም። እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ ከአርባ ያለፈውን ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር የማየው። በዚያ ዕድሜዬ ይኸው ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሰኞ ማክሰኞ ሳልል በአንድ ቀትር መለስኩት። ቤዛ ከወጣች በኋላ ዝናቡን እየሰማሁ ብዙ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሞባይል ስልክ ገና የባለጠጋ ዕቃ ነበር። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን አስኮ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡ እምቢ ብሎት ከቤት ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቤተሰቡ ሁሉ እኔን እኔን ሲያይ፣ ኮልፌ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፉ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ለሙከራ ቀጠሩኝ። ሐምሌ አንድ ቀን ሥራ ስጀምር የነገሩኝ ቃል አሁንም በጆሮዬ አለ። “የኛ ቤት ፈተናው ክረምት ነው። እስከ ዘመን መለወጫ ክፍያው ሳይዛነፍ ካደረስሽልኝ የቅጥር ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ። ከተዛነፈ ግን አንቺም እኔም ጊዜ አናባክንም።”

ጠዋት ጠዋት ከአስኮ በውይይት እሄድ ነበር። ውይይት ለማያውቅ ልጅ ልንገረው፤ ከኋላ ሁለት ረጅም አግዳሚ ያላት ሰማያዊ ፒክአፕ ናት፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ይቀመጣል። ክረምት ሸራው ስለሚያፈስ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮልፌ የሚደርሰው ግማሽ ጎኑ በስብሶ ነው። ስወርድ መንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። አንድ ገዝቼ እየፈለፈልኩ፣ በአጠና ተራ በኩል፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ልጣጭ እየረገጥኩ እገባለሁ። በዚያ ዕድሜ ጭቃውም ደስ ይላል።

ወይዘሮ አስካለ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሁለት ቆራጮች፣ አንድ ዘበኛና እኔ ብቻ ነበርን። ስፌቱን የሚሠሩት በየቤታቸው የስፌት መኪና ያላቸው አሥራ አራት ሴቶች ናቸው። ከሰፊዎቹ አንዷ የተቆረጠ ጨርቅ በጥቅል ልትወስድ ስትመጣ፣ ወይዘሮ አስካለ ከዚያው ጨርቅ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ያነሱና በመቀስ አጣመው ለሁለት ይከፍሉታል። ግማሹን ለሰፊዋ ይሰጣሉ፤ ግማሹን በእሷ ስም የተቀመጠ የወተት ጣሳ ውስጥ ይጨምራሉ። ልብሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ ይገጠማሉ። የተጣመመው ጠርዝ ልክ ከገባ ሥራው ደረሰ ማለት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ የገጠመው ቁራጭ ተቆጥሮ ይከፈላል። ፊደል የማይለዩ ሰፊዎችም ነበሩ፤ የትኛው ሰማያዊ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ግን በጭለማም አይስቱም።

ዲፕሎማ ይዤ መጥቼ ጣሳ ውስጥ ጨርቅ ስፈልግ ልዋል? ሳቄ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ያን ክረምት ኮምፒውተር ገዝተው ስለነበር፣ “ለሰፊዎቹ መክፈያ የሚሆን ፕሮግራም አንቺው ምረጪ” ሲሉኝ ጊዜ አላባከንኩም።

ሁለት ሰዎች መጡ። የመጀመሪያው ከመሃል ከተማ፣ ከአንድ ቢሮ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የደመወዝ ወረቀት በስም በስም ያትማል፣ የድርጅቱን ምልክት ከላይ ያወጣል፣ የወሩን ወጪ በቀይና በአረንጓዴ ዓምድ ይሥላል። ዓይኔን ከዓምዶቹ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሁለተኛው ነስሩ ነው። ነስሩ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አጠና ተራ ውስጥ ላለው ለአጎቱ እንጨት መሸጫ፣ አጠና ከመኪና ለሚያወርዱት ሰዎች መክፈያ ብሎ የጻፋትን ፕሮግራም በፍሎፒ ዲስክ ይዞ መጣ። ገጿ ግራጫ ናት፣ ምንም ሥዕል የላትም። ስም፣ ሥራ፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፤ አለቀ። እሱ ደግሞ ስለ ፕሮግራሙ ከማውራት ይልቅ የግቢውን በር ያያል።

“ሰፊዎቹ የሚመጡት ስንት ሰዓት ነው? ቁጭ ብዬ ባያቸው” አለኝ።

“ፕሮግራም ልትሸጥ ነው የመጣኸው ወይስ ሴቶች ልታይ?” አልኩት።

ቆራጮቹ ሳቁ። ነስሩ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ፍሎፒውን ኪሱ ከቶ ሰላም ዋሉ ብሎ ወጣ። ዛሬ ሳስታውሰው እኔ ነኝ የምቀላው።

የከረባቱን ሰው ፕሮግራም ገዛን። ሰፊዎቹን ልመዘግብ ስቀመጥ የቅጥር ቀን ጠየቀኝ። የቅጥር ቀን የላቸውም። ባዶ ሲሆን አልቀበልም አለ። ስለዚህ አሥራ አራቱንም ሐምሌ አንድ ቀን፣ እኔ በተቀጠርኩበት ዕለት፣ ቀጠርኳቸው። መደበኛ ደመወዝ ሲለኝ ዜሮ አልኩ። የሰፉትን ልብስ የማስገባበት ቦታ ስላጣሁ “ተጨማሪ ሥራ” በሚለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ፕሮግራሙ የሚያስበው በወር ብቻ ነው፤ እነሱንም ከአሥራ አምስት ቀን ወደ ወር አሻገርኳቸው። ለእግር ጫማ መግዛት ሲገባኝ፣ ጫማ ገዝቼ እግር እየቆረጥኩ ነበር። ያኔ ግን ብልሃተኛ የሆንኩ መስሎኝ በራሴ ረካሁ።

ከሰፊዎቹ ትልቋ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው ወደ ቢሮዬ ገቡ።

“ልጄ፣ ወር እኮ ለኛ ሩቅ ነው።”

“ሥርዓት ነው እትዬ ብዙነሽ።”

“ቁራጩስ? ቁራጩንም አትስጧቸው ብለሻል አሉ።”

“ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል። እርስዎም ቤት ያለውን ይጣሉት።”

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ኮምፒውተሩን አዩትና “እሺ ካልሽ” ብለው ወጡ። ጣሳዎቹ ውስጥ የነበረውን ጨርቅ ለዘበኛው ትራስ መሙያ ሰጠሁት።

ሐምሌም ነሐሴም በሰላም አለፉ። የደመወዙ ወረቀት በምልክቱ አጊጦ ሲወጣ ወይዘሮ አስካለ እንኳ “ያምራል” አሉ። ከዚያ ጳጉሜ ገባች።

የዩኒፎርም ሥራ ለሚያውቅ ሰው ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ አይደለችም። ወላጅ ሁሉ የልጁ ቁመት መጨመሩ ትዝ የሚለው ያኔ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ሰፊዎቹ ያለቀውን ያለቀውን፣ ዘጠኝም ሆነ ሰባት፣ እያመጡ ሌላ ይዘው ይሮጣሉ። በቤቱ ደንብ ደግሞ የጳጉሜ ሥራ ጳጉሜ አምስት ቀን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይከፈላል፤ ሴቶቹ ብራቸውን ይዘው በቀጥታ የበዓል ገበያ ይወጣሉ። ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ የልጅ ጫማውም ከዚያ ነው።

እኔ በየዕለቱ የመጣውን ላስገባ ወር ምረጪ ሲለኝ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጳጉሜ የለችም። አሥራ ሁለት ወር ብቻ። ነሐሴን ስነካ ተዘግቷል አለ። ታዲያ መስከረም ምን አለበት ብዬ መስከረም ላይ አስገባሁት። አምስቱንም ቀን። ወረቀት ላይ ደግሞ መጻፍ ድርብ ሥራ መስሎኝ ምንም አልያዝኩም።

ጳጉሜ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። ጠዋት የጣለው አባርቶ ግቢው ይተናል። የመጨረሻዎቹ ልብሶች መኪና ላይ ተጭነው ወጡ። ተቀምጬ “ክፍያ አትም” የሚለውን ነካሁ። ወሩ አልተጠናቀቀም አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። ወደ ከረባቱ ሰው ደወልኩ፤ ለበዓል ሊወጣ ሲል ደረስኩበት።

“እህቴ፣ ደመወዝተኛ የጳጉሜ መቼ ተከፍሎት ያውቃል?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ በአገራችን የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜን የሚሠራው በነፃ ነው።

“እነሱ ደመወዝተኛ አይደሉም” አልኩት።

“ታዲያ ለምን ደመወዝተኛ ብለሽ መዘገብሻቸው?”

እንኳን አደረሰሽ ብሎ ዘጋው። ብቻዬን ስቀር ገጹ ጥግ ላይ “ዓመቱን ዝጋ” የሚል አየሁ። ዓመቱ ከተዘጋ መስከረም ይከፈታል፣ መስከረም ከተከፈተ ይታተማል ብዬ አሰብኩ። እርግጠኛ ነዎት ሲለኝ አዎ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

አሥራ አራቱም ስም ላይ ዜሮ ተደረደረ። አምስቱ ቀን ጠፋ።

መደበቅ አስቤ እንደነበር አልዋሽም፤ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አሥር ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ በር ላይ ይቆማሉ። ወይዘሮ አስካለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደሚያስጠርጉበት ሄጄ፣ የቅጥር ቀን መፍጠሬንም፣ የጳጉሜንም፣ ዓመቱን መዝጋቴንም ነገርኳቸው።

“በአምስቱ ቀን የወጣው ልብስ ስድስት መቶ አርባ ነው፤ የጫነው ሾፌር የፈረመበት ወረቀት አለኝ” አሉ። “ማን ስንት እንደሰፋ ግን እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሂጂና ጠይቂያቸው።”

“ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢጨምሩስ?”

“ከጨመሩም ጥፋቱ የኛ ነው፣ እንከፍላለን። ሂጂ።”

የቅጥር ደብዳቤው እንደቀረ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስለ አባቴ እያሰብኩ ከግቢው ወጣሁ።

የእትዬ ብዙነሽ ቤት ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። መንገዱ ላይ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ተዘቅዝቀው ይሸጣሉ፣ ቄጠማ ተከምሯል፣ በየደጃፉ ልጃገረዶች ከበሮ ይለማመዳሉ። ሁሉም ሰው የሚሄድበት አለው። እኔ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ።

መኪናቸው ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ቀሚስ እያሳጠሩ ነበር። በራፉ ላይ ቆሜ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ ለወይዘሮ አስካለ የነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ።

“ቁራጩስ?” አሉ።

“ጣልኩት። ከዚያ ወዲህም አልተቆረጠም።”

“እኛም ጣልነው። ከቢሮ ታዟል ብለን።”

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብሰደብ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሣህን ሰጡኝ። “ብዪ። ፊትሽ ነጥቷል። በባዶ ሆድ አሥራ አራት ቤት አይዞርም” አሉና ነጠላቸውን ከምስማሩ አወረዱ። “ብቻሽን ብትሄጂ ይደነግጣሉ፤ በበዓል ዋዜማ የቢሮ ሰው ቤት ከመጣ ክፉ ነገር ነው የሚመስለው። እኔ እቀድማለሁ።”

ያን ቀን ከሰዓት የተማርኩትን ያህል ስለ ሥራዬ የተማርኩበት ቀን የለም። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ሁለት ወር ሠርቻለሁ፤ የአንዳቸውም ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። አንዷ መኪናዋን አልጋ ላይ አውጥታ ቆማ ትሰፋለች፣ ወለሉ ውኃ ስለሚያስገባ። አንዷ አራስ ነበረች፤ ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ቁልፍ ትተክላለች። ወሩ ለምን ሩቅ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ቁጥሩን እንዴት ያስታውሱታል ብዬ ነበር የፈራሁት። እነሱ በቁጥር አላስታወሱትም፣ በሆነው ነገር ነው እንጂ።

“ሩፋኤል ዕለት ልጆቹ ዝናቡን ሊታጠቡ ራቁታቸውን ሲሮጡ፣ ዘጠነኛውን ሱሪ እየቋጨሁ ነበር” አለች አንዷ።

“መብራት የጠፋ ቀን ስድስት ብቻ። ስድስት በዪ” አለች ሌላዋ።

አራሷ ጥቂት አሰበችና፣ “ትናንት ሰባት። አይ ቆዪ፣ አንዱን እህቴ ናት የጨረሰችው። ግን እሷም ለኔ ብላ ነው፤ ሰባት በዪው” አለች፤ እትዬ ብዙነሽም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ሁሉ፣ ወረቀት አልያዝኩምና፣ ከኪሴ ባገኘሁት የነሐሴ የደመወዝ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። አንዲትም ሴት ለመቆጣት አልሞከረችም አልልም። የታችኛው መንደር አንዷ ሰፊ በሩን ግማሽ ብቻ ከፍታ፣ “ባንቺ ፕሮግራም ልጄ ጫማ አጥቶ ቢውል ምን ትዪኝ ነበር?” አለችኝ። ምንም አልልሽም አልኳት። ቁጥሯን ነገረችኝና በሩን ዘጋች። ልክ ነበረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለስን። ሴቶቹም ከኋላ ከኋላችን መጡ። ወይዘሮ አስካለ ወረቀቴን ተቀብለው ደመሩት፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ደግመው ደመሩት። ስድስት መቶ ሠላሳ ሰባት።

“ሦስት ጎደለ” አሉ።

እኔ ተጨምሮ ይመጣል ብዬ ስፈራ፣ ጎድሎ መጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ እትዬ ብዙነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“የኔ ናቸው። አልቆጠርኳቸውም። የኮሌታቸው ስፌት ደስ አላለኝም፤ ጊዜ አጥቼ ነው ያስረከብኳቸው። በዓሉ ሲያልፍ አስመጥቼ ላስተካክላቸው አስቤ ነበር።”

ወይዘሮ አስካለ ሦስቱን በእትዬ ብዙነሽ ስም ጻፉና ለአሥራ አራቱም በገዛ እጃቸው ከፈሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወደ ገበያ ወረዱ። ለእኔ “መስከረም ሁለት ጠዋት ነይ” ብቻ አሉኝ።

ያን እንቁጣጣሽ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ “ዘንድሮ ልጄ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች” እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራል። መስከረም ሁለት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ አለ። የስንብት ነው ብዬ ሳልቀመጥ ከፈትኩት። የቅጥር ደብዳቤ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው ሳያዩኝ “መጀመሪያ ያንን የአጠና ተራ ልጅ ይዘሽልኝ ነይ” አሉኝ።

ነስሩን ይቅርታ ስጠይቀው አላስረዘመብኝም። “አሁን ሴቶቹን ማየት ይፈቀዳል?” ብሎ አሳቀኝ። ሦስት ጠዋት ግቢው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከእኔ ይልቅ እትዬ ብዙነሽን ነበር የሚጠይቀው፤ ስንት ይወስዳሉ፣ መቼ ያመጣሉ፣ የተበላሸ ቢመለስ የማን ነው? ከዚያ ግራጫዋን ፕሮግራም አስተካክሎ አመጣልን። ወር አትጠይቅም፤ ከመቼ እስከ መቼ ብቻ። የቅጥር ቀን የላትም። ከጥቅሉ ጋር ሁለት ቦታ የሚቀደድ ቁጥር ያለው ወረቀት ታትማለች። እትዬ ብዙነሽ ወረቀቱ ላይ የጨርቁ ቁራጭ በስፒል ይያዝ አሉ፤ ተያዘ። ወደ አሥራ አምስት ቀን ተመለስን። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ በዚያችው ስንከፍል ኖርን። ስለ ሥራዬ የማውቀውን ግማሹን ያስተማረኝ ነስሩ ነው፤ ባለበት እግዜር ይስጠው።

ደብዳቤውን ግን ለብዙ ዓመት የወይዘሮ አስካለ ደግነት አድርጌ ነበር የማየው። የራሴን ሥራ ልጀምር ስል ልሰናበታቸው ሄድኩና፣ እየሣቅን የድሮውን ስናነሳ ነው የነገሩኝ።

“እኔማ ላሰናብትሽ ወስኜ ነበር” አሉ። “የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ብዙነሽ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ ‘ልጅቱን ካባረርሻት እኔም አልሰፋልሽም’ አለችኝ። ‘ሃያ ዓመት ስሰፋ፣ ቤቴ ድረስ በእግሩ መጥቶ አጠፋሁ ያለኝ የቢሮ ሰው አላየሁም’ አለችኝ። ምን ላድርግ? ከአንቺ ይልቅ እሷን ፈራኋት።”

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወንዙ ዳር ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት በየሳምንቱ ስንገናኝ፣ እትዬ ብዙነሽ አንድም ቀን አፋቸው አላመለጣቸውም። ጉልበታቸውን ልስም ስወድቅ ያዙኝና ምን ሆንሽ አሉ። ነገርኳቸው።

“አንቺን ብዬ መሰለሽ እንዴ?” አሉ። “አዲስ ብትመጣ፣ እሷን ደግሞ እንደገና ልናስተምር ነው?”

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ የተጦረው፣ ወንድሞቼ የተማሩት፣ ይህ የአሁኑ አዳራሽም የቆመው፣ እኚያ ሴት በበዓል ጠዋት ዳቦ ይዘው ስለወጡ ነው። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። በየበዓሉ እሄዳለሁ። ውለታቸውን ባነሳ ቁጥር ወሬ ይቀይሩብኛል።

ሰኞ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ቅዳሜ ጠዋት ቤዛን ይዤ፣ የሚጠልፉልን፣ የሚሰፉልንና የሚሰቅሉልን ሰዎች ጋ ቤት ለቤት ዞርን። መጀመሪያ አኮረፈች፤ ቅጽ በስልክ ልንልክላቸው ስንችል አለችኝ። ኮልፌ፣ አቶ ደምሴ የሚባሉት ጠላፊያችን ቤት ስንደርስ ግን ማስታወሻዋን አውጥታ ራሷ ጠየቀቻቸው።

“አቶ ደምሴ፣ ክፍያዎ በቀጥታ በስልክዎ ቢገባልዎ አይሻልም?”

“ስልኩማ የልጄ ነው” አሉ፣ ዓይናቸውን ከጥልፉ ሳያነሱ። “ስሙም የሱ ነው። እሱ ጋ ከገባ ደግሞ እሱ ጋ ይቀራል።”

ቤዛ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። አየት አደረገችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ጻፈች፣ ብዙ ጻፈች። ወደ አየር ጤና ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የጻፈችውን ደጋግማ አነበበች። ፌርማታው ልንደርስ ስንል ከሦስቱ ፕሮግራሞች በስልክ የሚከፍለውን ሰረዘችና፣ “ማክሰኞ የቀሩትን ስምንት ሰዎች ልጠይቅ?” አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እትዬ ብዙነሽን በልቤ እያመሰገንኩ።